ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ

ልጆች፣ እዚህ ደሴ ኮምፒውተር ስጠግን ጸጉሬ ሸብቷል። በዚህ ሁሉ ዓመት ካጠፋሁት ጥፋት አንዱ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። አንድ ተማሪ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ነው) የጫነበትን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። አፕግሬድ አድርጎ ሲያስነሳው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። እኔም ሳላጣራ ፎርማት አደረግኩት። የመመረቂያ ጽሑፉ ለካ እዚያው ውስጥ ነበር። ልጁ አልጮኸብኝም። «አብሽር ጋሼ» ብሎኝ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ችኮላ ያስረሳኝን ልንገራችሁ። ሊኑክስ ላይ የምታዩት መስኮትና አይከን ከላይ የተደረበ ነገር ነው። መስኮቱን የሚስለው ኤክስ የሚባለው ሲስተም ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ሊኑክስ የመጣው በ1991 ነው። ድሮም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሁን ዌይላንድ የሚባል ሌላ ሲስተም የኤክስን ቦታ እየወሰደ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ሥዕሉ ቢጠፋም ከሥሩ ያለው ማሽን ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ከሐይቅ አንድ ልጅ ያንኑ ችግር ይዞ መጣ። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫንኩ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ሎግኢን ይላል። ልጁ ስሙን ጻፈ፣ ፓስወርዱን ሲጀምር ግን ምንም አይታይም። «ጋሼ፣ ኪቦርዱም ሞቷል!» አለኝ። አልሞተም። እዚህ ቦታ ፓስወርድ ሲጻፍ ኮከብ እንኳን አይወጣም። ዝም ብለህ ጻፍና ኢንተር በል አልኩት። ገባ። ፋይሎቹ ሁሉ አሉ። መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ገለበጥናቸው፤ ይህን እንኳን የተማርኩት ከዚያ ከተማሪው ነው።

ከዚያ አፕት የሚባለው የፕሮግራም መጫኛ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል ከፈትኩ። መጨረሻ ላይ «ስታርት ዴት» አለ፣ «ኤንድ ዴት» የለም።

«መብራት ሄዶብህ ነበር?»

«አዎ፣ ባትሪው ደግሞ አይዝም።»

በቃ፣ ነገሩ ተገኘ። ዳታ ቢያልቅባችሁ ብዙም አያስፈራም፤ አፕት ብዙውን ጊዜ ሁሉንም አውርዶ ነው መጫን የሚጀምረው። መጫኑ መሀል መብራት ሲሄድ ነው ጉዱ። መፍትሔውን በስልክ ለሚጠይቁኝ እንዲህ ነው የማስጽፋቸው፦ ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ባዶ ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ባዶ ቦታ፣ አንድ ሰረዝ ኤ (sudo dpkg --configure -a)። የተቋረጠውን ከቆመበት ይቀጥላል። ለልጁም ይኸው በቃው፤ አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይቀርብ ዴስክቶፑ ተመለሰ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ያ ነጭ ጽሑፍም አልወጣ ካለ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኤስኬፕ ተጫኑ፣ ግረብ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ሜኑ ይመጣል። «አድቫንስድ» ከሚለው ውስጥ የቆየውን ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) ምረጡ። ኤንቪዲያ የሚባለው የሥዕል ካርድ ያላችሁ በተለይ ይህን ሞክሩ፤ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር ከአዲሱ ከርነል ጋር ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እሱም እምቢ ካለ እዚያው ሜኑ ላይ «e» የሚለውን ፊደል ተጫኑና «ሊኑክስ» (linux) ብሎ በሚጀምረው መስመር ጫፍ «ኖሞድሴት» (nomodeset) የሚለውን ቃል ጨምሩ። ከዚያ ኤፍ 10። ሥዕሉ ደብዛዛና ትልልቅ ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጡ። የሚሠራውም ለዚያች አንድ ማስነሻ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስትገቡ ድራይቨሩን አስተካክሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ስልካችሁን በኬብል አያይዛችሁ ዳታውን አጋሩት።

ኤክስን የምትጠቀሙ ከሆነ የኤክስ ሎግ (የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ በቅንፍ «ደብልዩ ደብልዩ» (WW) የተባለው ማስጠንቀቂያ ነው፣ እለፉት። ስህተቱ «ኢ ኢ» (EE) ያለበት ላይ ነው። ይህ ሁሉ ካቃታችሁ በሰኞ ገበያ በኩል ስታልፉ ጎራ በሉ። ብቻ ስትመጡ ያቺን «ኢ ኢ» ያለባትን መስመር ፎቶ አንስታችሁ ኑ።