«የእናቴ ጭንቀት ወደ እኔና ወደ ልጆቼ ይተላለፋል ወይ?» ለተባለው ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እናትዎ ለብዙ ዓመታት በጭንቀት ተቸግረዋል፤ አጎትዎም እንዲሁ። አሁን ደግሞ እርስዎን ያለ ምክንያት ልብ መምታት፣ የትንፋሽ ማጠርና «አሁን ልሞት ነው» የሚያሰኝ ድንጋጤ ጀምሮዎታል። ሠርግዎ እየቀረበ በመሆኑ ሕመሙ በዘር የሚወረስ እንደሆነ፣ በደም ምርመራ ይታወቅ እንደሆነና ወደ ልጆችዎ ይተላለፍ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ጎንደር የሥነ ሕይወት መምህር ሆኜ ስለ ዘረ-መል ለረጅም ጊዜ ያስተማርሁ፣ ይኸው ሕመም በእናቴም በእኔም ላይ የደረሰ ሰው ነኝ። የምመልስልዎም ከሁለቱም ከማውቀው ተነሥቼ ነው።

በዘር የሚመጣው ሕመሙ ራሱ ሳይሆን፣ ለአደጋ ምልክት ፈጥኖ የመነሣት ዝንባሌ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን ፍርሃት በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚነሣ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ እኔን ራሴን ከብዙ ሥጋት ያሳረፈኝ ይህን መረዳቴ ነውና።

በአንጎላችን ግራና ቀኝ፣ በጎን ባለው ክፍል ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ አሚግዳላ የሚባል የለውዝ ፍሬ የመሰለ ትንሽ አካል አለ። ጆሴፍ ለዱ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ አስፈሪ ድምፅ ወደ አሚግዳላ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ አጭርና ፈጣን፣ ሌላው ደግሞ ነገሩን በዝርዝር በሚመረምረው የአንጎል ውጫዊ ክፍል በኩል የሚያልፍ ረጅም መንገድ ነው። በዚህ ምክንያት ሰውነታችን የሚነሣው ምን እንደሆነ ገና ሳናውቅ ነው። በግቢ በር ላይ ያለ ውሻ የመጣው ሌባ ይሁን ዘመድ ሳይለይ እንደሚጮኸው ሁሉ፣ አሚግዳላም አስቀድሞ ያስነሣል፤ «ተው፣ ዘመድ ነው» የሚለው የባለቤቱ ድምፅ፣ ማለትም ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል፣ የሚደርሰው ዘግየት ብሎ ነው። በዚህ መሐል ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይረበሻል። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ደግሞ ከደቂቃዎች በኋላ ይከተልና ሰውነትን ለረዘም ያለ ጊዜ በተጠንቀቅ ያቆየዋል።

እኔን የመጀመሪያው ከባድ ድንጋጤ የያዘኝ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ነበር። ጣቶቼና ከንፈሬ ደነዘዙ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ አየር ያለቀ መሰለኝ። በድንገተኛ ክፍል ልቤ ተመርምሮ ጤነኛ መሆኑ ሲነገረኝ እንኳ አላመንሁም፤ የተሰማኝ ሁሉ እውነት ነበርና። በኋላ የተረዳሁት ይህን ነው፦ ሰው ሲደነግጥ በፍጥነትና በኃይል ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይቀንሳል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮችም ይጠባሉ። የጣት መደንዘዝና የራስ ማዞር የሚመጣው ከዚህ ነው። አየር ያለቀ ቢመስልም የሚያስቸግረው ከመጠን ያለፈ መተንፈስ ነው። እርስዎም በጥያቄዎ ውስጥ የጠቀሱት የእጅ መደንዘዝ ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ በጣም የሚደንቀኝን አንድ ነገር ልጨምር። በሕክምና ጽሑፎች ኤስ ኤም በሚል ምልክት ብቻ የምትታወቅ አንዲት አሜሪካዊት አለች። ኡርባህ-ቪተ የሚባል እጅግ ብርቅ የሆነ፣ በዘር የሚመጣ ሕመም ግራና ቀኝ ያሉትን አሚግዳላዎቿን አጥፍቶባቸዋል። ይህች ሴት እባብና ሸረሪት አያስፈሯትም፤ ስለት የያዘ ሰው ሲያስፈራራትም አልደነገጠችም። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ያለ አሚግዳላ ፍርሃት የለም ብለው ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ግን እርሷና ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸው ሌሎች ሁለት ሴቶች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት አየር አንድ ጊዜ እንዲስቡ ሲደረግ፣ ሦስቱም በብርቱ ደነገጡ። ለኤስ ኤም እንዲህ ያለው ስሜት እንግዳ ነበር። ይህ ማለት ከውጭ የሚመጣን አደጋ የሚፈራው የአንጎል ክፍል ሌላ፣ ከራሳችን ሰውነት ከሚነሣ የመታፈን ስሜት የሚመነጨው ድንጋጤ መንገድ ሌላ ነው። ለእርስዎና ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል፤ «ምንም የሚያስፈራ ነገር ሳይኖር ለምን ደነገጥሁ?» እያልን ራሳችንን ስንወቅስ፣ የደነገጥንበት ነገር ትንፋሻችንና የልብ ምታችን ሊሆን እንደሚችል ያሳየናልና።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ። አንድ ሕመም ምን ያህል በዘር እንደሚመጣ የሚጠናበት ዋናው መንገድ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮችን ከሁለት እንቁላል ከተገኙት ጋር ማነጻጸር ነው። የፊተኞቹ በዘረ-መል አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ እንደ ማንኛውም ወንድማማች በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራ የተወራሽነቱን መጠን ለድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም 43 በመቶ፣ ለማያቋርጥ አጠቃላይ ጭንቀት ደግሞ 32 በመቶ ገደማ አድርጎ ገምቶታል። ተማሪዎቼም ሆኑ ወላጆች ይህን ቁጥር ሲሰሙ ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ ስላለ ልብ ይበሉልኝ፦ 43 በመቶ ማለት የእርስዎ ሕመም 43 በመቶው ከእናትዎ የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ሊይዝዎ የሚችልበት ዕድል 43 በመቶ ነው ማለትም አይደለም። በብዙ ሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ምን ያህሉ በዘረ-መል ልዩነት እንደሚገለጽ የሚናገር ቁጥር ነው። የሕመምተኛ ልጅ ወይም ወንድም ለሆነ ሰው ዕድሉ ከሌላው ሰው በአያሌው ከፍ እንደሚል ግን እውነት ነው፤ ይህን ልሸፍንልዎት አልፈልግም።

«የጭንቀት ዘረ-መል» የሚባል አንድ ነገር አለ ወይ ለሚለው መልሱ የለም ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በአንጎል ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ሕዋስ የሚመልሰውን ፕሮቲን በሚመለከት አንድ ዘረ-መል ላይ አጭርና ረጅም ዓይነት እንዳለ፣ አጭሩ ያላቸው ሰዎችም በመጠኑ ይበልጥ የሚጨነቁ እንደሆኑ ተዘገበ፤ ብዙ ሰውም ምሥጢሩ ተገኘ ብሎ ተደሰተ። ሆኖም ያ ግኝት ራሱ የገለጸው ከልዩነቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያንን ያህል ተስፋ የሚጣልበት ሆኖ አላገኙትም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ወደ 200,000 የሚጠጉ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ዲኤንኤ ሲመረመር ከጭንቀት ጋር የሚገናኙ ስድስት ቦታዎች ተለይተዋል፤ እያንዳንዳቸው ግን የሚጨምሩት እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ የሚታመነው ብዙ መቶ፣ ምናልባትም ብዙ ሺህ ጥቃቅን ልዩነቶች ተደምረው ዝንባሌውን እንደሚሠሩ ነው። ስለዚህ ጭንቀት ይውረሱ አይውረሱ የሚነግር የደም ምርመራ የለም፤ «አለ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ቢያጋጥም አይመኑት። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዝርያ ላይ የተሠሩ መሆናቸውም ሌላ ምክንያት ነው፤ የእኛ አገር ሰው በበቂ አልተጠናም፤ ይህም መምህር ሆኜ የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ነው።

ስለ ልጆችዎ በጠየቁት ላይ ከሁሉ ይልቅ ሊያውቁት የሚገባው በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስዊድን ጥናት ይመስለኛል። መንትዮች የሆኑ ወላጆችና ልጆቻቸው ተጠንተው፣ ከወላጅ ወደ ወጣት ልጅ የሚተላለፈው ጭንቀት በዋናነት የሚተላለፈው በዘረ-መል ሳይሆን አብሮ በመኖር እንደሆነ ታይቷል። ልጅ የሚማረው ከምንናገረው ይልቅ ፊታችንን አይቶ ነው። በ1980ዎቹም (እ.ኤ.አ.) በቤተ ሙከራ ያደጉና እባብ አይተው የማያውቁ ጦጣዎች፣ ሌላ ጦጣ እባብ ሲፈራ በማየት ብቻ ፍርሃቱን ወርሰዋል። እኛ ቤት ይህ በግልጽ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ሰው ሲበዛ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እጄን ጨብጣ፣ ሳትገዛ ትመለስ ነበር። የሰው ብዛት አደገኛ እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ከእጇ ግን ተምሬዋለሁ። ዘመድ «የልብ ሕመም አለባት» ይል ነበር፤ ጸበልም ትጠመቅ ነበር፣ በእውነትም ያጽናናት ነበር፤ ሐኪም ያየችው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጸበሉና ሕክምናው ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ በእርሷ አይቻለሁ፤ የነፍስ አባቷም መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ይመክሯት ነበር።

ስለዚህ ሠርግዎን የሚያስቀር ምክንያት በዚህ ውስጥ አላይም። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይጠናል፤ የእጮኛዎ ቤተሰብም ይጠይቁ ይሆናል። ለእጮኛዎ ግን እርስዎ ራስዎ ቢነግሩት እመርጣለሁ፤ ከሰው አፍ ከመስማቱ በፊት፣ ሕክምናም እንደጀመሩ አክለው።

ሊሻሻል መቻሉን ደግሞ በራሴ አውቃለሁ። ከታክሲው በኋላ ከታክሲ፣ ከገበያ፣ በመጨረሻም ከጥምቀት በዓል ሳይቀር መሸሽ ጀምሬ ነበር፤ ፋሲል መዋኛ ለእኔ የማይቀረብ ቦታ ሆነ። ያከመችኝ ባለሙያ ያስረዳችኝ ነገር ከማስተምረው ጋር የሚገጥም ነበር፦ አሚግዳላ አንዴ የተማረውን ፍርሃት አይረሳም፤ ነገር ግን «እዚህ ስቆይ ምንም አልደረሰብኝም» የሚል አዲስ ትምህርት በላዩ ይሠራል፤ ይህን ትምህርት የሚይዘውም ከግንባር በስተጀርባ ያለው ክፍል ነው። ትምህርቱ የሚገኘው ግን ከፍርሃቱ ሳይሸሹ በቆዩ ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሰዓት ከወንድሜ ጋር አራዳ እሄድ ነበር፤ ከዚያ ብቻዬን፤ ከዚያ ቅዳሜ ገበያ በሰው መሐል፣ ድንጋጤው መጥቶ በራሱ እስኪያልፍ ቆሜ። ከረጅም ጊዜ ዕረፍት በኋላ ፍርሃቱ ተመልሶ ቢመጣ የድሮው ትዝታ መነሣቱ ነውና እንደ አዲስ ሕመም አይቁጠሩት፤ እንደገና ይሂዱ።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ በአንገትዎ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ እንዲመረመር ይጠይቁ። በአገራችን ደጋ እንቅርት ብዙ ነው፤ ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ የሚያመጣው የልብ ምት፣ ላብና የእጅ መንቀጥቀጥ ከጭንቀት አይለይም። ቡናንም ልብ ይበሉ። ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር መቀበያ ይዘጋል፤ በዚሁ መቀበያ ዘረ-መል ላይ ባለ ልዩነት ምክንያት አንዳንዱን ሰው ከሌላው አብልጦ ያስጨንቃል። ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት የሚያሳርፍ ነገር ስለሆነ ከሥነ ሥርዓቱ አይራቁ፤ አቦሉንና ቶናውን አልፈው በረካውን ይጠጡ። ጫትና አረቄ ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ አረቄ ሌሊቱን አረጋግቶ ንጋት ላይ ጭንቀቱን አባብሶ ይመልሳል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ትንሽ ሊያባብሱም ይችላሉ፤ ይህን ሳያውቁ ብዙዎች ያቋርጣሉ። ዳያዜፓም በደቂቃዎች ያረጋጋል፤ ነገር ግን ሰውነት ቶሎ ስለሚለምደው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከማንም አይቀበሉ። ሠርግዎ ስለቀረበ ደግሞ ልጅ የመውለድ ሐሳብ እንዳለዎት ገና ከመጀመሪያው ቀን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው ይህንን አይቶ ነው። እርግዝና ቢመጣም በድንጋጤ መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቆሙት፤ አስቀድመው ሐኪሙን ያማክሩ።