ካርዱን ከመቀየርህ በፊት የፓወር ሰፕላይህን ጽሑፍ አንብብ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ የምኖር ተማሪ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጨዋታ ኮምፒውተር በራሴ እየገጣጠምኩ ነው። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድና አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ገዝቻለሁ። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከኬዙ ጋር የመጣ ሲሆን 500 ዋት ይላል። ፊልም ሳይ ደኅና ነው። ጨዋታ ስከፍት ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም ይላል፤ ሶኬቱን ነቅዬ ጥቂት ካልቆየሁ ዳግም አይነሳም። እዚህ ያሳየሁት ባለሙያ ካርዱ ተበላሽቷል፣ ፕሮሰሰሩም ባለ ስምንት ኮር መሆን አለበት አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ከፍተን ተለቅ ያለ ካፓሲተር እንግጠምበት ይላል። የውስጡን ፎቶ ልኬያለሁ። የቀረኝን ገንዘብ በየትኛው ላይ ላውለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርድህ ደኅና ይመስለኛል። «ሶኬቱን ነቅዬ ጥቂት ካልቆየሁ አይነሳም» ያልከው ብቻ ለእኔ ብዙ ነገረኝ። ሙቀት የጠናበት ኮምፒውተር ከመጥፋቱ በፊት ይንቀራፈፋል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ሲበርድለትም ብዙ ጊዜ ሶኬት ሳይነቀል ይነሳል። የአንተ ግን እንደ ሻማ እፍ ተብሎ ይጠፋና ቁልፉን ብትጫነው ዝም ይላል። ይህ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ፓወር ሰፕላይ ጠባይ ነው። ራሱን ይዘጋል፤ የሚለቀውም ከግድግዳው ሲነቀል ነው።

ወደ ሌላው ከማለፌ በፊት ለጓደኛህ ንገረው፦ ፓወር ሰፕላይ አይከፈትም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ያቁራል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይዞት ሊቆይ ይችላል። በካቻቪቴ ጫፍ ነክቶት ግድግዳ ድረስ የተወረወረ ሰው አውቃለሁ። ደግሞስ ካፓሲተር ማሳደግ የፓወር ሰፕላዩን አቅም አያሳድገውም።

አሁን ወደ ፎቶው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተጽፏል። ከሥሩ ባለው ሰንጠረዥ ግን፣ ማንም በማያነበው ደቃቅ ፊደል፣ 12 ቮልት 16 አምፔር ይላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አባዛ፤ 192 ዋት ታገኛለህ። ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት ከዚችው ከ12 ቮልቷ መስመር ነው። የተረፈው የ3.3 እና የ5 ቮልት ድርሻ ነው፤ ለጨዋታ ኮምፒውተር ብዙም አይጠቅምም። ኩንታል ጤፍ ገዝተህ ከጆንያው ግማሹን ገለባ ብታገኘው ማለት ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፣ ነጋዴው ግን አታሎሃል። ሒሳቡን ልጨርሰው፦ አርቲኤክስ 3060 ብቻውን 170 ዋት ይጠይቃል። 22 ዋት ቀረህ። ፕሮሰሰርህ 65 ዋት የተጻፈለት ነው፤ ማራገቢያውና ማዘርቦርዱ ገና አልበሉም። ፊልም ስታይ ካርዱ ተኝቶ ስለሚውል ማንም አይራብም። ጨዋታ ሲከፈት ግን ካርዱ ለሺኛ ሰከንዶች ያህል ከተጻፈለትም በላይ ይስባል። ቤት ውስጥ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይተህ የለም? እዚያም ሳጥን ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ኮምፒውተር ደብዘዝ ብሎ መሥራት አለመቻሉ ነው።

ፎቶው ላይ ያየሁት ሌላ ነገር ግን አናደደኝ። ፓወር ሰፕላይህ ባለ 8 እግር የካርድ ገመድ ስለሌለው አንድ ሰው ለሃርድ ዲስክ ኃይል የሚሰጠውን የሳታ ገመድ ቆርጦ በማገናኛ አስረዝሞ በናስትሮ ጠቅልሎታል። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት በኩል የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ባለ 8 እግሩ ደግሞ እስከ 150 ዋት ለመሸከም የተሠራ ነው። ናስትሮውን ፍታና ቢጫ ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ፕላስቲክ እይ፤ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ብታገኘው አይደንቀኝም። «ካርዱ ተበላሽቷል» ያለህ ሰው ይህን የሠራው ራሱ ከሆነ ሁለተኛ አትመለስበት። በዚህ ገመድ ለሙከራ እንኳ እንዳታበራው፤ እሳት ያነሳል።

እንግዲህ ገንዘብህን ፓወር ሰፕላይ ላይ አውለው። ለ3060 የካርዱ ቺፕ ባለቤት ኤንቪዲያ ራሱ የሚመክረው 550 ዋት ነው፤ ሰንጠረዡ ግን 12 ቮልት ላይ 40 አምፔርና ከዚያ በላይ ማለት አለበት። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለው ተወው፤ አሮጌ አሠራር ነው። መቀያየሪያው ሳይታሰብ ወደ 115 ዞሮ በ220 ቮልታችን ሲሰካ የሚሰማውን ፍንዳታ ሱቄ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። የምትፈልገው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ነው፤ ማታ ማታ መብራቱ ሲወርድ የሚታገሥልህ እሱ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ማኅተም ስለ ኃይል ብክነት እንጂ ስለ ጥንካሬ ምስክር ስላልሆነ ማኅተሙን ብቻ አይተህ አትግዛ። በእጅህ መዝነው፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለውን እዚያው አስቀምጠው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ ሳጥን) ልትጨምር ካሰብክ 650 ቪኤ የተጻፈበት 650 ዋት አይሰጥህም፤ ብዙዎቹ ከ400 ዋት በታች ናቸው።

ፕሮሰሰሩን አትንካው። 5600 እና 3060 እኩል የሚጎትቱ ጥማድ ናቸው። ባለ ስምንት ኮር ብትገዛ አንዱን በሬ አወፍረህ ሌላውን እንደነበረ መተው ነው፤ እርሻው አይፈጥንም። ከፓወር ሰፕላዩ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ አንዱን ራም በሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ለውጠው፤ ማዘርቦርዱ አራት ቦታ ካለው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰካቸው። ኬዙን ለጊዜው ተጠቀምበት፤ ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ከሆነ ግን አየር እንዲገባ በበጋ ገለጥ አድርገው፣ አቧራውንም በየወሩ አራግፍ።

አዲሱን ስትገጥም የአሮጌውን ገመድ አንዱንም አታስቀር። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው አሰካክ ከአንዱ ሥሪት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ልክ የገባ የሚመስል ገመድ ፋይሎችህ ያሉበትን ኤስኤስዲ ሊያቃጥል ይችላል። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 እግር በአራትና አራት፣ የካርዱ በስድስትና ሁለት የሚከፈል ነው፤ አልገባም ካለ አትጫነው፣ ተሳስተሃል።

ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ ተጫወት። በአዲሱም ቢሆን ከጠፋ ግምቴ ስቷል ማለት ነው፤ ካርዱን ይዘህ ባሕር ዳር ና፣ በእኔ ማሽን ላይ እንሞክረዋለን። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ለጓደኛህ እንዳትሰጠው። ይከፍተዋል።