ሕንፃው የእኔ፣ ምጣዱ የተከራዩ፤ የእሳቱ ኃላፊነት የማን ነው?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ ከወላጆቼ የወረስሁትን ባለ ጂ+3 ሕንፃ አከራያለሁ። ምድሩ ሱቆች፣ አንደኛው ፎቅ ምግብ ቤት፣ ከዚያ በላይ ያለው የአልጋ ክፍሎች ናቸው። ባለፈው ወር ከከተማው የመጡ ባለሙያዎች የእሳት አደጋ ስጋት ግምገማ በጽሑፍ እንዳቀርብ ነገሩኝ። እኔ በየፎቁ አንዳንድ የእሳት ማጥፊያ ሰቅያለሁ፤ ከኋላም የብረት በር አለ፣ ቁልፉ በዘበኛው ኪስ ነው፤ እሳት የሚያነዱት ግን ተከራዮቹ ናቸው። ግዴታው የእኔ ነው ወይስ የእነርሱ? ግምገማውስ ራሱ ምንድን ነው?
ከደብረ ማርቆስ አንባቢ

መልስ፦ ግዴታው የሁላችሁም ነው፤ ድርሻችሁ ግን ይለያያል። ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ዋናው የመብራት ሰሌዳና የግቢው በር በእርስዎ እጅ ስለሆኑ የእነዚህን ስጋት የሚመዝኑት እርስዎ ነዎት፤ ምግብ ቤቱ በኩሽናው የሚያነደው፣ ባለሱቁም በጓዳው የሚያከማቸው የየራሳቸው ነው። ሠራተኛ የቀጠረ ተከራይ «ሕንፃው የእኔ አይደለም» ብሎ አያመልጥም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታው ለሠራተኛው ጤናና ደኅንነት አደጋ እንዳይሆን የማድረግን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል።

ግምገማው ማጥፊያ መቁጠር አይደለም። ከተከራዮችዎና ከአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ እየዞሩ እሳት ከየት ሊነሣ እንደሚችል፣ ማንን እንደሚያገኝ፣ ያም ሰው በየት እንደሚወጣ መመርመር ነው። እኔ ብሆን የምጀምረው ከተኙት እንግዶች ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኩሽናው ቢቀጣጠል ጭሱ የሚወጣው በዚያው እንግዳው በሚወርድበት ደረጃ ነው፤ ሰውን አስቀድሞ የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። ስለዚህ ኩሽናውን ከደረጃው የሚለየው በር ራሱን በራሱ የሚዘጋና በድንጋይ ተደግፎ ክፍት የማይተው መሆን ይኖርበታል። ሌባ ፈርተን በየመስኮቱ የበየድነው የብረት ፍርግርግም ከውስጥ የሚከፈት ካልሆነ እንግዳውን ያስቀረዋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የምጣዱ ጉዳይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል የሚስብ ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ሲሠሩ 32 ይሆንና ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጠው) ይወድቃል። መውደቁ ሥራውን መሥራቱ ነበር። የተለመደው መፍትሔ ግን ባለ 16ቱን ነቅሎ ባለ 32 መትከል ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ያው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ። ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ይግላል። ሰሌዳውን አስከፍተው የብሬከሩን ቁጥር ከሽቦው ውፍረት ጋር ያስተያዩ፤ ጠርዙ የጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ሶኬት ካገኙም ዕለቱን ያስቀይሩ።

ከደረጃው ሥር የተቆለለ ነገር ካለም ያስወጡ። ከፋግታ ለኮማ በኩል የሚመጣው ከሰል ገና ከጉድጓድ እንደወጣ በጆንያ ተጠቅጥቆ ከተከመረ በውስጡ የቀረው ፍም ሊያገረሽ ይችላል፤ የጄነሬተሩ የቤንዚን ጄሪካን አጠገቡ ካለ ደግሞ ነገሩን ለእርስዎ እተዋለሁ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ነፋስ በሚያገኘው ውጭ ቦታ ይቀመጥ። የሰቀሏቸው ማጥፊያዎች ጥሩ ናቸው፤ ቀስታቸው አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ ይዩ፣ ውኃ የሚረጨውን ዓይነት ለዘይትና ለኤሌክትሪክ እሳት አያስቀምጡ፣ አስተናጋጆቹም ፒኑን መንቀል ይልመዱ።

ያገኙትን ሁሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ጉድለቱ ምንድን ነው፣ ማን ያስተካክለዋል፣ እስከ መቼ። ተከራዮቹ ይፈርሙበት፤ ውሉ ሲታደስም አባሪ ይሁን። መጽሐፍት መሸጫው ነገ ጸጉር ቤት ከሆነ ወይም አዲስ ምጣድ ከገባ ግምገማው እንደገና ይሠራል።

የኋላውን የብረት በር በተመለከተ፣ ቁልፉ በዘበኛው ኪስ እስካለ ድረስ በወረቀቱ ላይ «መውጫ» ብለው አይጻፉት፤ ያለ ቁልፍ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ ካስገጠሙለት በኋላ ይጻፉት።