የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውሸት የሚለይ መሣሪያ ላስመጣ?

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ የግንባታ ዕቃ መጋዘን አለኝ፤ ሠራተኞቼ 40 ናቸው። በመጨረሻው ቆጠራ ባለ 12 ፌሮ 30 ዘንግ ጎደለ። ሁሉም «አላየሁም» ይላል። አንድ ወዳጄ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ከውጭ አስመጣ አለኝ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ አያዋጣዎትም። ፖሊግራፍ የሚባለው ይህ መሣሪያ የሚያነበው የሰውነትን መረበሽ እንጂ ውሸትን አይደለም። ደረትና ሆድ ላይ የሚታሰሩ ሁለት የትንፋሽ መቀነቶች፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠም የደም ግፊት መለኪያ፣ ጣት ላይ የሚገጠሙ የላብ መለኪያዎች አሉት። ሥራዬን ላጣ ነው ብሎ የፈራ ንጹሕ ሰው ያልበዋል፤ ልቡ የደነደነ ሌባ ላያልበው ይችላል። ለሶቪየት ኅብረት ይሰልል የነበረው የሲአይኤ ባልደረባ አልድሪች ኤምስ በ1986 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ተመርምሮ ሁለቱንም ጊዜ አልፏል።

ሒሳቡን በራስዎ መጋዘን ይሥሩት። መሣሪያው ከ100 ሰው 90ውን በትክክል ይለያል እንበል፤ ለጋስ ግምት ነው። ሌባው አንድ ቢሆን ከ39ኙ ንጹሓን 4 ያህሉ «ሌባ» ተብለው ይወጣሉ። እውነተኛው ሌባ ቢያዝ እንኳ ከአምስት ተጠርጣሪ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ መሣሪያው አይነግርዎትም። አሜሪካ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አብዛኞቹ የግል ቀጣሪዎች ሠራተኛን በዚህ እንዳይፈትኑ ከልክላለች። መሣሪያው ሌባ ሲያወጣም ብዙውን ጊዜ በፍርሃት ነው፤ ተመርማሪው «ታወቀብኝ» ብሎ ራሱ ይናዘዛል። ሌባ ሻይ ከሚባለው ከድሮው የሌባ ማፈላለጊያ ልማድ በዚህ አይለይም፤ እዚያም መድኃኒት የጠጣው ልጅ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ባለዕዳ ይሆን ነበር።

ፊቱን አይቼ እለየዋለሁ ማለትም አያዛልቅም። በ2006 እ.ኤ.አ. የብዙ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ ሰዎች እውነትና ውሸትን በትክክል የለዩት 54 በመቶ ብቻ ነበር። ዝም ብሎ የገመተም 50 ያገኛል።

የሚሠራው ማስረጃን ደብቆ መጠየቅ ነው። በስዊድን የፖሊስ ሠልጣኞች ላይ ሲሞከር፣ ዘዴውን የተማሩት 85 በመቶ ያህሉን በትክክል ለይተዋል፤ ያልተማሩት 56። መጀመሪያ የመጋዘን መውጫ ደረሰኞችን ከጥበቃው መዝገብ ጋር ያስተያዩ። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደረሰኝ የሌለው አይሱዙ ወጥቷል እንበል። ይህን ለማንም አይንገሩ። ስቶር ኪፐሩን ለብቻው አስቀምጠው «ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እስክትወጣ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» ይበሉት፤ እስኪጨርስ አያቋርጡት። ቀጥለው ንጹሕ ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን አንድ በአንድ ይጠይቁ፦ ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር? ከ12 ሰዓት በኋላ የተጫነ ዕቃ አለ? ሂሳቡ በማግስቱ የሚዘጋ ደንበኛስ? መዝገቡን የሚያወጡት እነዚህ ሁሉ ከተመለሱ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ተናዶ መዝገቡን ገና ከመነሻው ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል፣ ውሸታሙም ታሪኩን በዚያው ልክ ይሰፋል።

ጫኝና አውራጆቹንም ለየብቻ፣ እንዳይመካከሩ በተከታታይ ይጠይቁ። የሚጠበቀውን ጥያቄ ተነጋግረውበት ይመጣሉ። ያልጠበቁትን ይጠይቁ፦ መኪናው በአፍንጫው ነው የገባው በኋላው? ፌሮውን ከየትኛው ጎን ጫናችሁ? ወረቀት ሰጥተው ያስሥሏቸው። ትንሽ መለያየት ግን ውሸት አይደለም፤ እውነት የሚናገሩ ሁለት ሰዎችም ሰዓትና ቀለም ይለያያሉ። የሚመዘነው የመኪናው አቆም ወይም የነበሩት ሰዎች ሲለያዩ ነው። ማስፈራራትና በር ቆልፎ ማቆየት የሐሰት ኑዛዜ ያመጣል፤ እርስዎንም ያስከስሳል። ማስረጃው ሲጠናከር ለፖሊስ ይስጡት።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። እየዋሸኝ ነው? (እናት፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይፍረዱበት። ውሸታም ዓይን ይሸሻል የሚለው እምነት በ58 ሀገሮች በተደረገ ጥናት ከሁሉ በላይ የተለመደው ሆኖ ተገኝቷል፤ ምልክቱ ራሱ ግን እጅግ ደካማ ነው። እኛ ዘንድማ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን እንዲሰብር አስተምረን ነው ያሳደግነው። «ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከማን ጋር ነበርክ?» ብለው ሊጣራ የሚችል ነገር ይጠይቁት፤ ከዚያም ያጣሩ።

ጥያቄ፦ በድምፅ ውሸት የሚለይ የስልክ አፕሊኬሽን ይታመናል? (ከለቡ)

መልስ፦ አይታመንም። ለፖሊስ የሚሸጡት ውድ የድምፅ መመርመሪያዎች እንኳ በአሜሪካ ኦክላሆማ ተፈትነው ወድቀዋል። አዲስ የታሰሩ ሰዎች አደንዛዥ ዕፅ ወስደው እንደሆነ ተጠይቀው መልሳቸው በሽንት ምርመራ ሲጣራ፣ መሣሪያዎቹ ከዋሹት የያዙት 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። የስልኩ አፕሊኬሽን የማይክሮፎን ፈቃድ ወስዶ የቤትዎን ወሬ ሊቀዳ ስለሚችል ቢያጠፉት ይሻላል።