መልስ፦ ትራሽ ሜታል በማን ልጀምር?

ትራሽ ሜታልን (ፈጣንና ከባድ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት) ለመስማት በሜታሊካ ባንድ ወይስ በስሌየር ባንድ ልጀምር ላልከው፣ እኔ ሳላመነታ ስሌየር እልሃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን «ሬይን ኢን ብለድ» የተባለ አልበማቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስማው። ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። የዴቭ ሎምባርዶ ድራም ግን ፋታ አይሰጥህም። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሦስቴ ደጋግሜዋለሁ!

ሜታሊካም በዚያው ዓመት ነው ምርጥ አልበሙን «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን ያወጣው። የባንዱን ቤዝ ጊታር ተጫዋች የክሊፍ በርተንን ቤዝ ለይተህ አድምጥ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሲሞት ገና 24 ዓመቱ ነበር። ያሳዝናል። ከእሱ በኋላ ሜታሊካ ለእኔ እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

ጊታር ሶሎ ከወደድክ ሜጋዴዝን እንዳታልፍ። አንትራክስ ብዙም አልያዘኝም። ከአሜሪካ ውጪ ደግሞ የብራዚሎቹን ሴፑልቱራ ሞክር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት «አራይዝ» ጀምር።