«ነገ ይነሳል» የተባለው ጀነሬተር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የናፍጣ ጀነሬተር ከቢሮዬ መስኮት ሥር ተቀምጧል። በሠራ ቁጥር ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ቤቴ ገብቼ ካመሸሁ በኋላ ይተወኛል። ኃላፊያችንን ስጠይቀው «ተንቀሳቃሽ እኮ ነው፣ ነገ ይነሳል» ይለኛል። ይኸው 8 ወር ሆነው። የሚያመኝ ጭሱ ነው ወይስ የሥራ ጭንቀት?

መልስ፦ ኃላፊዎ አልዋሸም፤ ጀነሬተሩ በየቀኑ ይነሳል። እኔ የምጠረጥረው ጭሱን ነው። ጭንቀት የሞተር ድምፅ ጠብቆ አይመጣም። አጠገብዎ የሚቀመጡትንስ ያማቸዋል? አዎ ካሉኝ ጥርጣሬዬ ይብሳል።

መጀመሪያ የማስበው ጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ንጹህ አየር ላይ ቢወጡ እንኳ ግማሹ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ወዲያው ሳይሆን አምሽቶ የሚተውዎት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ እዚህ ላይ ይሸውዳል። የተመረዘውን ደም ከጤነኛው ስለማይለይ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

እርግጥ ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚያወጣው። የናፍጣ ክፋቱ ጥቀርሻው ነው። ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አይደንግጡ፤ 8 ወር ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። ግን ዓመታት መቆጠር የለባቸውም።

«ተንቀሳቃሽ» የሚለው ቃል እኔንም ያናድደኛል። የፋብሪካ ጭስ ከፍ ካለ ማውጫ ይወጣል፤ የዚህኛው ግን አፍንጫ ሥር ነው። በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ 50 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ሞተር መመዝገብ ወይም ፈቃድ ማግኘት አለበት። አንድ ቦታ ከ12 ወር በላይ ከቆመማ ተንቀሳቃሽ መባሉም ይቀራል። የእርስዎም 4 ወር ነው የቀረው!

ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። ጀነሬተሩ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ የጭስ ማውጫውም ፊቱን ወደ ሌላ ያዙር። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ይገዛ። ማስክ ጋዙን አያስቀርም፣ በእሱ አይተማመኑ። ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ ከሆኑ ሌላ ክፍል እንዲሰጥዎ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ግራ ከተጋቡ፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለደም ምርመራ ሲሄዱ ጀነሬተሩ በሠራበት ቀን፣ ከሥራ ቦታዎ በቀጥታ ይሂዱ። አርፈው በማግስቱ ከሄዱ ጋዙ ወጥቶ ስለሚያልቅ ምንም ላይገኝ ይችላል።