ለተንቀሳቃሽ ሮቦት የአርኤፍአይዲ ታግና አንባቢ መምረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወለል ላይ የአርኤፍአይዲ ታጎች (መለያ ቁጥራቸው በራዲዮ ሞገድ ያለ ንክኪ የሚነበብ ምልክቶች) ለጥፈን ሮቦቱ ሲያልፍባቸው ያለበትን ቦታ እንዲያውቅ እንፈልጋለን። የትኛው ፍሪኩዌንሲ ይሻለናል?

መልስ፦ ለዚህ ሥራ 13.56 ሜጋኸርዝን እመርጣለሁ። ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠሩት ታጎች ከብዙ ሜትር ርቀት ይነበባሉ፤ ለእናንተ ግን ይህ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው በአንድ ጊዜ በርካታ ታጎችን ሲያይ ሮቦቱ በየትኛው ላይ እንደቆመ መለየት ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ የእኛ አንባቢ በ125 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ሮቦቱ ቆሞ ሲሞከር ሁሉንም ታግ ያነባል፤ ሲፈጥን ግን አብዛኞቹን ይዘላል። ታጎቹ ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ ታጎቹን ከመጠርጠራችሁ በፊት ጊዜውን አስሉ። በዚህ ፍሪኩዌንሲ በብዛት የሚገኘው ኢኤም4100 የተባለው ታግ 64 ቢት ያለማቋረጥ እየደጋገመ ይልካል፤ በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱ ቢት 64 የሞገድ ዑደት ስለሚወስድ አንዱ ዙር 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ታጉ ወደ መስኩ (የአንባቢው አንቴና ሞገድ ወደሚደርስበት ቦታ) የሚገባው በዙሩ መካከል ሊሆን ስለሚችል፣ አንባቢው ከመነሻው ምልክት ጀምሮ አንድ ሙሉ ዙር ለማግኘት እስከ 66 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ይኖርበታል። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሄድ ሮቦት በዚህ ጊዜ 13 ሴንቲሜትር ይጓዛል። የንባብ ክልላችሁ 8 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ ታጉ በመስኩ ውስጥ የሚቆየው 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ የሚነበበው ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ አንባቢዎች ቁጥሩን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ስለሚያነብቡ ደግሞ ሁኔታው ይብሳል። አይኤስኦ 15693 በተባለው ዓለም አቀፍ የታግ ደረጃ የሚሠሩት የ13.56 ሜጋኸርዝ ታጎች ግን በከፍተኛው የመረጃ ፍጥነት አንድ ታግ ብቻ ሲኖር መለያ ቁጥራቸውን ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስጠት ይችላሉ፤ ይህም አንባቢው ታጉን በየስንት ጊዜው እንደሚጠይቅ በመመርኮዝ ይወሰናል።

ጥያቄ፦ ከመግዛታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

መልስ፦ በሻጩ ወረቀት ላይ የሰፈረው የንባብ ርቀት ብዙውን ጊዜ በምቹ ሁኔታ የተለካ ስለሆነ ለምርጫ አይበቃም። ናሙና አምጡና አንቴናውን ሮቦቱ ላይ በሚገጠምበት ከፍታ አስራችሁ፣ ታጉን በካሬ ወረቀት ላይ በየሴንቲሜትሩ እያንቀሳቀሳችሁ የሚነበብበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ። ታጉ ከክብ አንቴናው ጠርዝ ትይዩ ሲደርስ መስኩ ወደ አግድም ስለሚያዘነብል ንባቡ ሊቋረጥና ትንሽ ወጣ ብሎ እንደገና ሊመጣ ይችላል፤ ፕሮግራማችሁ ይህን እንደ ሁለት ማለፍ እንዳይቆጥረው ተጠንቀቁ። ከዚያ ሞተሮቹን አስነስታችሁ ያንኑ ልኬት ድገሙት። የሞተር መቆጣጠሪያው የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ክልሉን ሲያጠብበው የምታዩት ያኔ ነውና ይህን ደረጃ በፍጹም አትዝለሉት። በመጨረሻም በሙሉ ፍጥነት፣ ታጉን ከመሀል መስመር በጥቂቱ ወደ ጎን አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉት።

ጥያቄ፦ ወለሉ ብረት ቢሆንስ?

መልስ፦ ብረቱ መስኩን ያዳክማል፤ ታጉ የተቃኘበትንም ፍሪኩዌንሲ ያዛባል። ከኋላው የፌራይት (መስኩን ከብረቱ የሚከላከል መግነጢሳዊ ቁስ) ንጣፍ ያለው፣ ለብረት ተብሎ የተሠራ ታግ ውሰዱ፤ ፈተናውንም በዚያው ወለል ላይ አካሂዱ።

ጥያቄ፦ ቦታውን በሴንቲሜትር ደረጃ ማወቅ እንችላለን?

መልስ፦ አንድ ንባብ የሚነግራችሁ ታጉ በክልሉ ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ንባብ የተደረገበትን ጊዜ መዝግባችሁ አማካዩን ብትወስዱ ስሕተቱ በጉዞ አቅጣጫ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በታጎቹ መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ የጎማ ዙር ቆጣሪው ይሸፍንላችኋል።